የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ሴት ምን ዐይነት የወሊድ መከላከያ ትምረጥ?

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ ደጋ አገር የምትኖር ሴት የወሊድ መከላከያ ስትፈልግ ወደ ቀበሌዋ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ሲደርስባት ግን ቤተ ሰቦቿ ይዘዋት ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ ይጓዛሉ። በዚህም ምክንያት አንዲት ሴት ሁለት ካርድ ይኖራታል። በአንደኛው ካርድ ላይ የመከላከያው ቀን፤ በሁለተኛው ላይ የመድኃኒቱ ስም ይጻፋል። መከላከያውን የሚሰጠው ሠራተኛ መድኃኒቱን ካልጠየቀ፤ መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ስለ መከላከያው ካልጠየቀ፤ ሁለቱ ካርዶች ሳይተዋወቁ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

ይህ ነገር በጽሕፈት ሥራ ጕድለት ብቻ የሚቀር አይደለም። ከመድኃኒቶቹ ጥቂቶቹ የመከላከያውን ኀይል ያደክማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እርግዝና ቢመጣ ፅንሱን ይጐዳሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው መከላከያ ጋር እንደሚስማማና እንደማይስማማ፤ ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ በተራ በተራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. ሁለቱ አገልግሎቶች ተለያይተው ስለ ማደጋቸው

በአገራችን የአእምሮ ሕክምናና የቤተ ሰብ ምጣኔ በየራሳቸው መንገድ የመጡ ናቸው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። የወሊድ መከላከያ ነገር ደግሞ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማስታወቂያውን በቅጣት ይከለክል ስለ ነበር፤ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ሆኖ ቈይቷል። የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በክንድ ቈዳ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላኖን በጤና ኬላ ደረጃ መሰጠት ጀመረ።

የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ የታቀደው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የወጣው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ሁለቱ አገልግሎቶች በአንድ ጣራ ሥር መገናኘት የጀመሩት በቅርቡ መሆኑን መገንዘብ ያሻል።

2. መድኃኒት መከላከያን የሚያደክምበት ምክንያት

እንክብሉ፣ የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረው ሁሉም በሆርሞን የሚሠሩ ናቸው። ሆርሞኑ በደም ውስጥ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ የሴቲቱ እንቍላል እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የማኅፀንንም አፍ ፈሳሽ ያወፍራል። በደም ውስጥ የሚዞረውን ሆርሞን እየፈጨ የሚያስወግደው ጕበት ነው።

ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን የጕበት ሥራ ያፈጥኑታል። ጕበት እንደ ወትሮው በቀን የሚፈጨውን ሆርሞን በአጭር ሰዓት ይጨርሰዋል፤ በደም ውስጥ የሚቀረውም ከሚያስፈልገው መጠን በታች ይሆናል። ሴቲቱ እንክብሏን አንድም ቀን ሳታጓድል ውጣ ልታረግዝ የምትችለው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም ጕበት ወደ ቀድሞ ሥራው እስኪመለስ ድረስ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

እነዚህ ሦስት መድኃኒቶች በመሠረቱ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙ ናቸው። ነገር ግን በአገራችን የሚጥል በሽታ ብዙውን ጊዜ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሚታይ፤ ካርባማዜፒንም ለስሜት መለዋወጥ ሕመም ስለሚታዘዝ በዚህ ጽሑፍ አብረን አቅርበናቸዋል። ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በገጠር ብዙ ሰው የሚወስደው እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም።

3. ሌሎቹ መድኃኒቶች

ሁሉም የአእምሮ መድኃኒት መከላከያን ያደክማል ማለት አይደለም። ለድብርት የሚሰጡት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን፤ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን የመከላከያውን ኀይል አይቀንሱም። ሊትየምም እንዲሁ ነው።

ቫልፕሮየት የሚባለው መድኃኒት ለብቻው የሚታይ ነው። መከላከያውን አያደክምም፤ ነገር ግን ለፅንስ እጅግ አደገኛ ነው። ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ካረገዙ 100 ሴቶች ከሚወለዱት ሕፃናት 10 ያህሉ ከባድ የአካል ጕድለት ይደርስባቸዋል፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በንግግርና በትምህርት ወደ ኋላ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ቫልፕሮየት እንዳይሰጥ ይመክራል። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ የምትወስደው ሴት ካለች ግን እጅግ አስተማማኝ የሆነ መከላከያ ሳይኖራት ልትወስደው አይገባም።

ላሞትሪጂን የተባለው መድኃኒት ነገሩን ወደ ተቃራኒው ይመልሰዋል። እዚህ ላይ የሚደክመው መከላከያው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል በደም ውስጥ ያለውን ላሞትሪጂን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ስለሚችል ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ላሞትሪጂን የምትወስድ ሴት ኤስትሮጅን የሌለበትን መከላከያ ብትመርጥ ይሻላል።

4. መከላከያዎቹ በየተራቸው

እንክብል። ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን ለምትወስድ ሴት እንክብል አይመከርም። እነዚህን ለማትወስደውም ቢሆን በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዋጥን ይጠይቃል። ሕመሙ ሲጸና ወይም ሐሳብ ሲበተን ይህን ማስታወስ ከባድ ነው።

በክንድ የሚቀበረው። ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፤ ጃዴል ለ5 ዓመት ያገለግላሉ። ከላይ የተባሉትን ሦስት መድኃኒቶች ለማትወስድ ሴት እጅግ አስተማማኝ ናቸው፤ በዓመት ከ100 ሴቶች አንዲት እንኳ አታረግዝባቸውም። ሦስቱን መድኃኒቶች ለምትወስድ ሴት ግን፤ ምንም እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ባይከለክለውም፤ ተቀብሮባቸው ሳለ ያረገዙ ሴቶች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። እንግዲህ ሌላ አማራጭ ካለ ሌላውን መምረጥ፤ ከሌለም ኮንዶም መጨመር ይገባል።

የሦስት ወር መርፌ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ካሉት ባለትዳር ሴቶች ከ100 መካከል 23ቱ የሚጠቀሙት በዚህ ነው። የሆርሞኑ መጠን ከፍ ያለ ስለ ሆነ እነፌኖባርቢታል አያደክሙትም። የመርፌው ችግር ሌላ ነው። ይኸውም አጥንትን ጥቂት ያሳሳል፤ ክብደትንም ሊጨምር ይችላል። ኦላንዛፒን ራሱ የሚያወፍር ስለ ሆነ ሁለቱ ሲደራረቡ የሴቲቱ ክብደት በየጊዜው ቢመዘን መልካም ነው። ቀኑ በክረምት ጭቃና በወንዝ ሙላት ላይ የሚውል ከሆነ እስከ 2 ሳምንት ቀድማ መወጋት ትችላለች፤ እስከ 4 ሳምንት ብትዘገይም ዕድሉ አያመልጣትም።

ሉፕ። በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ሆርሞን ስለሌለበት ጕበት የሚፈጨው ነገር አያገኝም። ከማናቸውም የአእምሮ መድኃኒት ጋር ይስማማል፤ ከ10 ዓመት ያላነሰ ጊዜም ያገለግላል። ቫልፕሮየት፣ ካርባማዜፒን ወይም ፌኖባርቢታል ለምትወስድ ሴት ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው ብንል አላጋነንንም። ይሁን እንጂ ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ሉፕ የሚጠቀሙት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 2 ያህል ብቻ ነበሩ። አንዳንድ ሴቶች ወደ ልብ ይወጣል ወይም መካን ያደርጋል ብለው ይፈሩታል። ሉፕ ግን ከማኅፀን ወጥቶ ወደ ልብ የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ ሲወጣም ማርገዝ ወዲያው ይቻላል። የወር አበባን ማብዛቱና ቍርጠት ማምጣቱ ግን እውነት ስለ ሆነ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

ሆርሞን ራሱ ድብርት ያመጣል ወይ? የሚል ጥያቄም ይነሣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት፤ ሆርሞን የሚጠቀሙት የድብርት መድኃኒት የመጀመራቸው ነገር በመጠኑ ከፍ ብሎ እንደ ታየ አመልክቷል። ነገር ግን ቀድሞውኑ ድብርት ያለባቸውን ሴቶች ሆርሞኑ እንደሚያብስባቸው የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ስለሌለ የዓለም ጤና ድርጅት አይከለክላቸውም። መከላከያ ከጀመረች ወዲህ ሐዘንና ቍጣ የበዛባት ሴት ግን ነገሩን ሳትደብቅ መናገር፤ ሌላም መሞከር መብቷ ነው።

5. ስለ ሁለቱ መርፌዎችና ስለ ወር አበባ መቅረት

ለከባድ የአእምሮ ሕመም በየወሩ ገደማ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ አለ። ይህና የሦስት ወሩ የወሊድ መርፌ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም መርፌ ስለሚባሉ፤ ሁለቱም የወር አበባ ሊያስቀሩ ስለሚችሉ፤ አንዱን የተወጋች ሴት ሌላውንም እንደ ተወጋች ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ በካርዱ ላይ መርፌ ብሎ ከመጻፍ ስሙን መጻፍ ይበጃል።

ፍሉፌናዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ስለሚያደርጉ የወር አበባ ይቀራል፤ አንዳንዴም ጡት ወተት ያወጣል። ሴቲቱ አንድም አረገዝሁ ብላ ትደነግጣለች፤ አንድም ከእንግዲህ አላረግዝም ብላ መከላከያዋን ትተዋለች። ሁለተኛው የባሰ ነው። ምክንያቱም የወር አበባ ቢቀርም እንቍላል ሊወጣ ይችላል፤ መድኃኒቱም ፕሮላክቲንን ብዙ ወደማያሳድገው ወደ ኦላንዛፒን ሲለወጥ የማርገዝ ኀይሏ ሳታውቀው ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እርግዝናን የሚያረጋግጠው የሽንት ምርመራ እንጂ የወር አበባ ቈጠራ አይደለም።

6. ስለ ጸበል

በሰሜን ሸዋ ብዙ ሕሙማን ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ይሄዳሉ። እኛ የምናሳስበው ጸበልተኛዋ መድኃኒቷንና መከላከያዋን በራሷ እንዳታቋርጥ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል፤ መከላከያው ሲቋረጥ ደግሞ እርግዝና በሕመሙ መካከል ይመጣል። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ መምከራቸው ለዚህም ጕዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

7. መራጯ ማን ናት?

የአእምሮ ሕመም አለባት ተብሎ ሴቲቱ ሳትጠየቅ መርፌ ማስወጋት ወይም ማኅፀኗን ማስቋጠር በደል ነው። በዓለም ላይ ይህ በደል በሕግ ስም ጭምር ተሠርቷል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 እ.ኤ.አ. ካሪ ባክ የተባለችውን ወጣት ያለፈቃዷ ማምከን ይቻላል ብሎ ፈርዷል፤ በስዊድንም ከ1934 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመሳሳይ ሕግ ነበር። ሕመም የሚጸናበት ጊዜ አለ፤ የሚበርድበትም ጊዜ አለ። ሕመሙ ሲጸና ሊመለስ የማይችል ውሳኔ መወሰን አይገባም፤ ሲበርድላት ግን እንደ ማንኛዋም ሴት ተረድታ ትመርጣለች። ባልና እናት ቢያማክሯት መልካም ነው፤ በእርሷ ቦታ ሆነው ሊመርጡላት ግን አይችሉም።

ልጅ መውለድ የምትፈልግም ሴት አትከልከል። ነገር ግን መከላከያዋን ከማቆሟ ብዙ ወራት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ መድኃኒቱ ሊለወጥ፣ ፎሊክ አሲድም ሊጨመርላት ይችላልና። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ለእናቲቱም ለፅንሱም አደጋ ነው።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው። ሴቲቱ ወደ ጤና ኬላ ስትሄድ ሁለቱንም ካርድ ትያዝ፤ ማንበብ ካልቻለችም የመድኃኒቱን ዕሽግ ትያዝ። «ሲስተር፤ እኔ ለሚጥለኝ ሕመም ኪኒን እወስዳለሁ፤ ይኸው ካርዴ፤ ይህ በክንድ የሚቀበረው ከእርሱ ጋር ይስማማል ወይ?» ብላ ትጠይቅ። ሠራተኛዋም «እህቴ፤ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ሳትጠይቅ አትቅበር። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያውም ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮየት ከማዘዙ በፊት ስለ መከላከያ ጠይቆ መልሱን በካርዱ ላይ ይጻፍ።

ሳይጠበቅ ግንኙነት ተደርጎ ሥጋት ቢፈጠር፤ እስከ 5 ቀን ድረስ የሚገባ የመዳብ ሉፕ ከሁሉ ይበልጣል። የድንገተኛውን እንክብል የምትወስድ ከሆነም ጕበትን የሚያፈጥኑ መድኃኒቶች እንደምትወስድ ትናገር፤ መጠኑ እጥፍ መሆን ሊያስፈልገው ይችላልና።

ለዚህ ሥራ አዲስ መሣሪያም ሆነ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄና በካርድ ላይ የሚጻፍ አንድ መሥመር ነው። ይህን ጥያቄ በሞላሌና በአካባቢዋ ባሉት ጤና ኬላዎች ሁሉ ማስለመድ፤ ከእኛ ከተማሪዎችም ከጤና ሠራተኞችም የሚጠበቅ ተግባር ነው እንላለን።