ለቆዳችን ፋታ እንስጠው

በከተሞቻችን የሴቶች የውበት ሳሎኖች ውስጥ የቅንድብ፣ የብብትና የእግር ፀጉርን በዋክስ ማንሳት የተለመደ አገልግሎት ሆኗል። በአረብ አገራት ደግሞ ከስኳር፣ ከሎሚና ከውሃ ተፈልቶ የሚዘጋጀው ሃላዋ ለዚሁ ተግባር ለብዙ ትውልድ አገልግሏል። ስለ ዋክስ ሲወራ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይባላሉ። አንዱ ወገን ቆዳን ያበላሻል ሲል፣ ሌላው ቆዳን ያጠራል፣ ፀጉርንም ቀስ በቀስ ጨርሶ ያጠፋል ይላል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። ዋክስ በቆዳ ላይ የሚደርስ ትንሽ ጉዳት ነው፤ ጤነኛ ቆዳም ይህን ጉዳት በራሱ ጊዜ ይጠግነዋል። ችግሩ የሚከፋው ጥገናው ሳያልቅ ስንደግመው፣ ይልቁንም የተረፈውን ምልክት ለማጥፋት ብለን በምንቀባው ነገር ነው።

ዋክስ ሲላጥ ይዞት የሚወጣው ፀጉር ብቻ አይደለም። ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ጋር ስለሚጣበቅ የሞቱ ሴሎችንም አብሮ ይገፍፋል። ይህ ሽፋን በጣም ስስ ቢሆንም ውሃ ከሰውነት ተንኖ እንዳያልቅ፣ ጀርምም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚከላከለው እሱ ነው። ተመራማሪዎች የቆዳን መከላከያ የሚያጠኑበት አንዱ የታወቀ ዘዴም ፕላስተር እየለጠፉ ደጋግሞ መላጥ ነው፤ ሽፋኑ በሳሳ መጠን ከቆዳው የሚተነው ውሃ ይጨምራል፣ ከዚያም ጤነኛ ቆዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ጉዳት ይጠግናል። ዋክስ በተደረገ ማግስት ቆዳ የሚለሰልሰው ይህ ሽፋን ስለተነሳለት ነው። በዚያው ምክንያት ደግሞ በእነዚያ ቀናት ለፀሐይ፣ ለሽቶና ለጀርም ይበልጥ ይጋለጣል። ፀጉሩ በተነቀለበት ቀዳዳ ዙሪያ የሚታዩት ቀያይ ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋሉ፤ ባክቴሪያ ከገባ ግን መግል ይቋጥራሉ።

ለብዙዎቻችን ይህ ጉዳት የሚተወው ምልክት ከሌሎች ሰዎች የጎላ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ ቀለም የሚሠሩት ሴሎቹ ከልክ በላይ ሜላኒን ያመነጫሉ፤ በዚህ የሚፈጠረው ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጥቅልል ፀጉር ደግሞ ተመልሶ ሲያድግ ጫፉ ታጥፎ ቆዳ ውስጥ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሰውነት ይህን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው ቦታው ያብጣል፣ ያሳክካል፤ ሲታከክና ሲፈነዳ ሌላ ጥቁር ነጥብ ይተካል። አንዱ ምልክት ሳይደበዝዝ ሌላ ዋክስ ከተደረገ ብብትና ጭን እየጠቆሩ ሊሄዱ ይችላሉ።

መፍትሔ ተብሎ የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ከዋክሱ የከፋ ነው። ጥቁረቱን ያነሳል ተብሎ ሎሚ ይቀባል፤ የሎሚ ጭማቂ ግን ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን አቃጥሎ የባሰ ሊያጠቁር ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አደጋው በእኛ ፀሐይ ይበረታል። ከዚያም ያነጣሉ የሚባሉ ክሬሞች ይከተላሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። የሳሳ ቆዳ ላይ ዋክስ ሲደረግ ደግሞ ቆዳው ራሱ ተገፍፎ ሊነሳ ይችላል። ምልክት ክሬም ያስገዛል፣ ክሬሙ ቆዳ ያሳሳል፣ የሳሳው ቆዳ እንደገና ይቆስላል።

«ቆዳ እኮ ይለምደዋል፣ ፀጉሩም እየጠፋ ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ሕመሙ እየቀለለ መምጣቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንዶች ላይ ለዓመታት የተነቀለ ፀጉር እየሳሳ ይመጣል። ይሁን እንጂ ዋክስ ፀጉሩ የሚበቅልበትን ቀዳዳ አያጠፋም፤ የሰውነት ፀጉርን በብዙ የሚያዘው ሆርሞን ነው። አገጭ ወይም ደረት ላይ ወፍራም ፀጉር በድንገት ከበዛ፣ የወር አበባም ከተዛባ፣ ከሳሎን በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለዚህ አንዱ ምክንያት የሆነው የእንቁላል ማምረቻ ሆርሞን መዛባት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች መካከል በርካቶችን ይነካል። ምላጭ ፀጉርን ያወፍራል የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም፤ አሜሪካዊቷ የሥነ አካል ተመራማሪ ሚልድረድ ትሮተር በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት መላጨት የፀጉርን ውፍረትም ሆነ ዕድገት እንደማይለውጥ አሳይታለች። ምላጭም በበኩሉ ፀጉርን ቆዳ ውስጥ ሊያስቀር ስለሚችል፣ ቆዳን ለማሳረፍ ፀጉሩን በመቀስ ወይም በማሽን ማሳጠር የተሻለ ነው።

ሌላው ክርክር «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ነው። ብዙ ዋክሶች ውስጥ የሚገባው የጥድ ሙጫ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሆኖም የታወቀ የቆዳ አለርጂ ቀስቃሽ ነው። ከስኳር የሚሠራው በውሃ ስለሚታጠብ ለማስለቀቅ ይቀላል፤ ግን እሱም ፀጉርን ከሥሩ ስለሚነቅል ጥቁር ምልክት ከመተው አያድንም፤ ሳይበርድ ከተቀባ ደግሞ ክፉኛ ያቃጥላል።

ለአንዳንዶች ጉዳዩ ከመልክም ያለፈ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት የወጣ ዘገባ እንደሚያሳየው፣ የስኳር ሕመሟን በደንብ ያልተቆጣጠረች የ20 ዓመት አውስትራሊያዊት የብልት አካባቢ ፀጉሯን በዋክስ ካስነሳች በኋላ ሕይወቷን ለአደጋ ያጋለጠ ኢንፌክሽን ይዟታል። እንዲህ ያለው ነገር እምብዛም አያጋጥምም፤ ሆኖም የስኳር ሕመም ወይም የመከላከል አቅም መዳከም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን እንክብል የሚወስዱ፣ ወይም ካቆሙ 6 ወር ያልሞላቸው ሰዎች ዋክስ ማድረግ የለባቸውም። ሬቲኖል ያለበት ቅባት የተቀባ ቦታ፣ የቆሰለ ወይም በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳም አይነካም።

እንግዲህ ዋክስን የምትወጂ እህት የግድ መተው አያስፈልግሽም፤ ልትቆጣጠሪው ግን ይገባል። ፀጉሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይደርስ፣ ያለፈው እብጠትም ሳይጠፋ አትድገሚ። ቆዳ ነክቶ የመጣ የዋክስ መቀቢያ እንጨት ተመልሶ ዋክሱ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ካየሽ አገልግሎቱን አስቁሚ፤ የዋክሱ ሙቀት ጀርም አይገድልም። ከዋክሱ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ልል ልብስ ልበሺ፣ ሽቶ ያለበትን ነገር ተዪ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ተቀቢ፣ ከፀሐይም ተከለዪ። ጥቁር ምልክት ከቀረ ሎሚውንና ስሙ የማይታወቀውን ክሬም ትተሽ የቆዳ ሐኪም አማክሪ። የቀጠሮሽን ቀን መወሰን ያለበት የሳሎኑ ወረፋ ሳይሆን የቆዳሽ ማገገም ነው።