የተጫዋች የአእምሮ ጤና በጎል አይለካም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 እና በ2017 የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር ዴሊ አሊን በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ብሎ መረጠው። በሁለተኛው የውድድር ዘመን ለቶተንሃም በሊጉ ብቻ 18 ጎሎች አስቆጥሯል። በ2018 የሩሲያው ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ለእንግሊዝ ስዊድን ላይ በጭንቅላቱ ሲያገባ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የፕሪሚየር ሊግ ተከታታይ ሁሉ ያውቀዋል። ጎሉ ደረቀ፣ ቋሚ ተሰላፊነቱ ቀረ። በጃንዋሪ 2022 ወደ ኤቨርተን፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ደግሞ በውሰት ወደ ቱርኩ ቤሺክታሽ ተሻገረ፤ እዚያም አልሆነለትም። ምክንያቱን ለመስጠት ማንም አልተቸገረም። ገንዘብ አጠገበው ተባለ፣ ጭፈራ አበዛ ተባለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰነፈ ተባለ። ቶተንሃም ውስጥ የተቀረጸው ዘጋቢ ፊልምም አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ ሰነፍ ሲለው ለዓለም አሳየ።

በጁላይ 2023 ዴሊ ከቀድሞው ተጫዋች ጋሪ ኔቪል ፊት ተቀምጦ የኖረበትን ተናገረ። የእንቅልፍ ክኒን ሱሰኛ ሆኖ ነበር፤ ክኒኑን ለእንቅልፍ ሳይሆን ስሜቱን ለማደንዘዝ፣ አንዳንዴም በጠራራ ፀሐይ ይወስደው ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ ማገገሚያ ማዕከል ስድስት ሳምንት ቆይቶ መመለሱ ነበር። በስድስት ዓመቱ የእናቱ ወዳጅ የሆነ ሰው ወሲባዊ ጥቃት አድርሶበታል፤ በሰባት ዓመቱ ማጨስ፣ በስምንት ዓመቱ አደንዛዥ ዕፅ መሸጥ ጀምሯል፤ በ12 ዓመቱ አንድ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደገው። በ24 ዓመቱ አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ፣ የሚወደውን ጨዋታ አሁኑኑ ማቆም ይችል እንደሆነ ራሱን መጠየቁንም ነገረን። ሞሪንሆ ሰነፍ ካለው ከሳምንት በኋላ ይቅርታ እንደጠየቀውም ገልጿል። ፊልሙ ስድቡን አሳይቶ ይቅርታውን ትቶታል።

ቃለ መጠይቁን የሰማ ብዙ ሰው አዝኖ፣ ለካ አቋሙ የወረደው ታምሞ ነው አለ። ሐዘኑ ተገቢ ነው፤ ድምዳሜው ግን ግማሽ እውነት ነው። የልጅነት ቁስሉ ጎሉ ሲደርቅ የመጣ አይደለም፤ 18 ጎል ባገባበት ዓመትም ከእሱ ጋር ነበር። ያን ጊዜ ግን ያመው ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የሚያገባን ተጫዋች ማን ደህና ነህ ወይ ይላል? ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ክለቡም፣ ጋዜጠኛውም፣ እኛ ደጋፊዎቹም የተጫዋችን ውስጥ በአቋሙ እንለካለን። ይህ መለኪያ በሁለቱም በኩል ያሳስታል፤ የወደቀውን ሰነፍ ያሰኛል፣ ያልወደቀውን ጤነኛ ያስመስላል።

ሁለተኛው ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሮበርት ኤንከን ታሪክ ያህል የሚያሳይ የለም። ጀርመናዊው በረኛ በ2002 ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ተስፋው ትልቅ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ባርሴሎና በንጉሡ ዋንጫ በታችኛው ዲቪዚዮን ክለብ በኖቬልዳ 3 ለ 2 ተሸነፈና ወቀሳው እሱ ላይ ወደቀ። ቱርክ ሄዶ ለፌነርባቼ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ፣ 3 ለ 0 ተሸንፎ ለቀቀ። ድብርቱ ጎልቶ የወጣው በዚያ ወቅት ነው። ሐኖቨር ገብቶ ግን አንሰራራ፤ ለብሔራዊ ቡድን ስምንት ጊዜ ተሰለፈ፤ በ2010 ዓለም ዋንጫ የጀርመንን ግብ ይጠብቃሉ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። በመካከሉ በ2006 በልብ ሕመም የተወለደች የሁለት ዓመት ሴት ልጁን ቀበረ። በ2009 ሕመሙ ተመለሰ። ሐኪሙ፣ ባለቤቱ ቴሬዛና ጥቂት የቅርብ ሰዎቹ ያውቁ ነበር፤ ሌላው አላወቀም። ሥራውን እንዳያጣ፣ በጉዲፈቻ የወሰዳትን ሕፃን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ደበቀ። ኖቬምበር 8 ቀን ከሐምቡርግ ጋር 2 ለ 2 በተለያዩበት ጨዋታ ግቡን ጠበቀ። በሁለተኛው ቀን፣ በ32 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። በሐኖቨር ስታዲየም ሊሰናበተው 40 ሺህ ያህል ሰው ወጣ። እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ አቋሙ ያሳበቀበት ነገር አልነበረም።

አንድሬስ ኢኒየስታም በ2009 የኤስፓኞሉ አምበል ወዳጁ ዳኒ ሃርኬ ድንገት ከሞተ በኋላ ድብርት ውስጥ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በቀጣዩ ጁላይ ጆሃንስበርግ ላይ፣ በ116ኛው ደቂቃ፣ ስፔንን የዓለም ሻምፒዮን ያደረገችውን ጎል አገባ። ዓለም ያን ቀን ያየው ደስተኛ ሰው ነው።

ተቃውሞው ይታወቃል። በሳምንት ብዙዎች በዕድሜያቸው የማያገኙትን ለሚያገኝ ሰው ምን ይታዘንለታል ይባላል። ገንዘብ ግን ሐኪም ይከፍላል እንጂ ከሕመም አያድንም። ኤንከ ሐኪምም ገንዘብም የምትወደው ባለቤትም ነበረው፤ ያጣው አሞኛል ብሎ በሥራው መቆየት የሚችልበትን ቦታ ነው። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ አሰልጣኝ ማሸነፍ አለበት፣ በሐዘኔታ አያሰልፍም፤ ደግሞስ አቋሙ የወረደ ሁሉ ታማሚ ነው ወይ? አይደለም። ዕድሜ አለ፣ የጡንቻ ጉዳት አለ፣ የማይስማማ አጨዋወት አለ፤ ዴሊም ጉዳቶች ነበሩበት። አሰልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጡ መብቱ ነው። ጉልበቱ የተጎዳውንም ያስቀምጠዋል፤ እሱን ግን ሰነፍ አይለውም። አቋም መውረዱ ሕመም መኖሩን አያረጋግጥም ካልን፣ አቋም መልካም መሆኑም ጤንነትን አያረጋግጥም ማለት አለብን።

የዓለም አቀፉ ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በ2015 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት በሥራ ላይ ያሉ ተጫዋቾች 38 በመቶው የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ምርመራው ጎል እስኪደርቅ መጠበቅ የለበትም፤ ልክ እንደ ልብ ምርመራ ለሁሉም፣ በየወቅቱ፣ ውጤቱም ከሚያሰልፈው አሰልጣኝና ከሚሸጠው ክለብ እጅ የራቀ መሆን አለበት።

ሲድኑም በዚያው ሚዛን ልንመዝናቸው አይገባም። ብራዚላዊው የቶተንሃም አጥቂ ሪቻርሊሰን በሴፕቴምበር 2023 ብራዚል ቦሊቪያን ስትረታ ተቀይሮ ወጥቶ አለቀሰ፣ የሥነ ልቦና እርዳታ ጠየቀ፣ በዚያው የውድድር ዘመንም በሊጉ 11 ጎል አገባ። ዴሊ ግን በማርች 2025 ለጣሊያኑ ኮሞ ተቀይሮ በገባበት የመጀመሪያ ጨዋታው ከደቂቃዎች በኋላ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይም ከክለቡ ጋር ተለያየ። በጎል ከቆጠርን ሕክምናው ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ከሸፈ ልንል ነው። ሁለቱም ግን ኤንከ በይፋ ሊለው ያልቻለውን፣ አሞኛል የሚለውን ቃል፣ በሕይወት ሳሉ ተናግረው ታክመዋል። የሕክምና ግቡ ይህ ነው፤ ጎሉ ቢመጣም ባይመጣም።