እንግዳው እልፍኝ ይግባ፣ ጓዳው ይዘጋ

ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የደረሰ ኦዲተር ቢሮ ገብቶ ላፕቶፑን ከከፈተ፣ ቡናው ሳይቀርብለት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የዋይ ፋይ ፓስዎርዱ ስንት ነው?» ጸሐፊዋ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ትሰጠዋለች። በሳምንቱ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠግነው ባለሙያ ይመጣል። ከዚያ የዕርዳታ ድርጅት አሠልጣኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ የወረደ ሩዝ ገዥ ይከተላሉ። ለሁሉም የሚሰጠው ያው ወረቀት ነው። ዓመት ሲሞላ ያንን የይለፍ ቃል ስንት ሰው ይዞት እንደሄደ ሥራ አስኪያጁም አያውቁም።

ችግሩ ያ ቃል የሚከፍተው ኢንተርኔቱን ብቻ አለመሆኑ ላይ ነው። በብዙ ትናንሽ ቢሮዎች ገንዘብ ያዡ፣ የሒሳብ ሹሟና የመጋዘን ኃላፊው የሚሠሩበት ኮምፒዩተር በአንድ ራውተር የተያያዘ ነው። የፒችትሪ የሒሳብ ፋይል የተቀመጠበት የጋራ ፎልደር፣ ማተሚያው፣ የጥበቃ ካሜራው መቅጃ ሁሉ የሚገኙት እዚያው መስመር ላይ ነው። እንግዳው በዚያ መስመር ሲገባ በሀገራችን አነጋገር እልፍኙን አልፎ ጓዳ ገባ ማለት ነው። እርሱ ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ ላፕቶፑ ላይ ያለው ቫይረስ የጋራውን ፎልደር ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል።

ጉዳቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ከባሕር ማዶ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ቲ.ጄ.ኤክስ የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ቢያንስ የ45.7 ሚሊዮን የባንክ ካርዶች መረጃ እንደተሰረቀበት አስታውቋል። በወቅቱ እንደተዘገበው፣ ሌቦቹ የገቡት ሚኒሶታ ውስጥ ባለ አንድ ሱቁ ደካማ ገመድ አልባ መስመር በኩል ነበር። ሱቁ ይጠቀምበት የነበረው ዌፕ የተባለው የምስጠራ ዘዴ ሊሰበር እንደሚችል በ2001 እ.ኤ.አ. ታውቆ ነበር። በአንድ ሱቅ በኩል የተገባው ከዋናው ቋት ለመድረስ የሚያግድ በቂ ግድግዳ ስላልነበረ ነው።

ወደ ደቡብ ጎንደር ስንመለስ ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። በአማራ ክልል ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ መደበኛ መስመር የሚሠራለት ቢሮ እንግዳው ብዙ ነበር። ኢሜይል የሚልከውን፣ ሰነድ የሚያወርደውን፣ ከዘመድ የሚገናኘውን ሰው ከደጅ መመለስ በባህላችን የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ መፍትሔው «ለእንግዳ ኢንተርኔት አይሰጥም» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ አይሆንም። ለእንግዳው የራሱን በር መሥራት ነው።

ይህም የሚመስለውን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ራውተሮች «ገስት ኔትወርክ» የሚል ምርጫ አላቸው። ይህ ሲከፈት ራውተሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ስም ያሰራጫል። አንዱ የሠራተኞች፣ ሁለተኛው የእንግዶች ነው። የእንግዳው መስመር ወደ ኢንተርኔት ብቻ ይወስዳል። እዚያው ገጽ ላይ እንግዶች የቢሮውን ኮምፒዩተሮች እንዲያዩ፣ እርስ በርሳቸውም እንዲተያዩ የሚፈቅዱ ምልክቶች ካሉ ሁለቱም መጥፋት አለባቸው። ከዚያ በእንግዳው መስመር ላፕቶፕ አስገብቶ የጋራውን ፎልደርና ማተሚያውን ለመክፈት መሞከር ይገባል። ከተከፈተ ሥራው አልተሠራም።

የራውተሩ ዓይነት ይህን የማይችል ከሆነ ሁለተኛ ራውተር ይገዛል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ራውተር ከአሮጌው ኋላ ቀጥለው ለእንግዶች ይሰጡታል። እንዲህ ሲሆን የእንግዳው መልእክት ኢንተርኔት ለመድረስ በቢሮው መስመር ውስጥ ስለሚያልፍ የቢሮው ኮምፒዩተሮች ሊደረስባቸው ይችላል። በአቀማመጡ የተገላቢጦሹ ይሻላል፤ እንግዶች በውጭው ራውተር፣ ሠራተኞች ከኋላ በተቀጠለው ይገለገሉ። ቤት ሲሠራም ጓዳው ከእልፍኙ ኋላ እንጂ ከፊቱ አይሆንም።

ሁለተኛው ጥቅም የይለፍ ቃሉን መለወጥ ማስቻሉ ነው። አንድ ቃል ብቻ ያለው ቢሮ ቃሉን የማይለውጠው በስንፍና ብቻ አይደለም። በለወጠ ቁጥር የሠራተኛው ሁሉ ኮምፒዩተርና ስልክ፣ ማተሚያውም ጭምር ከመስመር ስለሚወጡ ሥራ ይስተጓጎላል። የእንግዳው ቃል ለብቻው ከሆነ ግን በየሳምንቱ፣ ወይም ሥልጠናው ባለቀ ማግሥት ቢለወጥ ገንዘብ ያዡ አይነኩም። እንግዳ የሚበዛባቸው ሆቴሎችና የሥልጠና ማዕከሎች ደግሞ እንደ ማይክሮቲክ ባሉ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ሰው ሰዓቱ የተወሰነ ኩፖን ማተም ይችላሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ኩፖኑም ያልቃል።

መገደብ ያለበት ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። ለምሳሌ ቢሮው በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት መስመር ቢኖረው፣ የአንድ እንግዳ ላፕቶፕ 1 ጊጋ ባይት የሶፍትዌር ማደሻ ማውረድ ሲጀምር ለ13 ደቂቃ ያህል መስመሩን ጠቅልሎ ሊይዘው ይችላል። በዚያን ጊዜ የባንክ ማስተላለፊያ የምትሞላው ሠራተኛ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ለእንግዶቹ ሁሉ 2 ሜጋ ቢት ብቻ ቢፈቀድ ያው ማደሻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ኢሜይል ለመላክ ግን 2 ሜጋ ቢት ይበቃል።

ከሕግም አንፃር የበሩ መለየት ትርጉም አለው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ፣ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጭ የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ለሠራተኛውም ለእንግዳውም አንድ ቃል የሰጠ ቢሮ ፈቃዱ የት ላይ እንዳበቃ ለማስረዳት ይቸገራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። የደመወዝ መዝገብና የደንበኞች ዝርዝር የተቀመጡት እንግዳ በሚገባበት መስመር ላይ ከሆነ ይህን ግዴታ ተወጥቻለሁ ማለት ያስቸግራል።

የሚቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም ካልተሠሩ የቀደመውን ሁሉ ያፈርሱታል። ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ መለወጥ አለበት። የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ከታቹ ተለጥፎ ስለሚመጣ፣ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ራውተር ገልብጦ ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። ምስጠራውም ቢያንስ ደብልዩ.ፒ.ኤ. 2፣ መሣሪያው ከቻለ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብልዩ.ፒ.ኤ. 3 ይሁን።

ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ፣ በጣራ ገዳም አቅራቢያ እስካለችው አዲስ ዘመን ድረስ ያለ ባለ ድርጅት ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሠራት ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ጸሐፊዋ ዛሬም ለኦዲተሩ ቁራጭ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ ቡናውም ይቀርብለታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ግን ዓርብ ማታ ያበቃል።