ስለ ራዲዮካርቦን የዘመን ቀመርና ስለ ከሚሴ አካባቢ አገር

ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ፣ ከሾንኬ እስከ ባቲ ያለው አገር ዘመን በልዩ ልዩ ቀመር ሲቈጠርበት የኖረ ምድር ነው፤ ካህኑ በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለምንና ዓመተ ምሕረትን ሲያወጣ፣ ሼኹ በጨረቃ ዓመተ ሂጅራን ሲያሰላ፣ ገበሬው ደግሞ የልጁን ዕድሜ ከክፉ ቀንና ከጥጋብ ዓመት እያነጻጸረ ሲናገር ኖሯል። ዳሩ ግን እነዚህ ቀመሮች ሁሉ የሚረዱን የጻፈ ወይም ያስታወሰ ሰው ሲኖር ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ንጉሡ ከይፋቱ ገዢ ከሰብረዲን ጋር ያደረጉትን ጦርነት ስለ ተረከልን፣ የወለስማዎች ሥርወ መንግሥት መቃብርም በዐረብኛ የተቀረጸ ድንጋይ ስላለው፣ ስለ 14ኛው መቶ ዓመት በድፍረት እንናገራለን፤ ሦስት ጕልቻና አመድ ብቻ ትቶ ያለፈው ሕዝብ ግን ዘመኑን ከማን አፍ ይሰማ?

መልሱ የተገኘው ከራሱ ከአመዱ ነው። ከሰማየ ሰማያት የሚመጣው የጠፈር ጨረር የአየራችንን ናይትሮጅን እየመታ ካርቦን 14 ወይም ራዲዮካርቦን የሚባለውን፣ ከተራው ካርቦን የሚከብደውንና ጸንቶ መኖር የማይችለውን ባሕርይ ያስገኛል፤ እርሱንም ተክል ከአየር ጋር ይስበዋል፣ ፍየል ከቅጠሉ ትወስደዋለች፣ ሰውም ከእህሉና ከሥጋው ይካፈለዋል። ፍጥረቱ በሕይወት ሳለ የጠፋው ይተካል፤ በሞተ ጊዜ ግን መተካቱ ስለሚቋረጥ፣ በውስጡ የቀረው ካርቦን 14 በ5730 ዓመት ውስጥ በእኩሌታ፣ በሚቀጥለውም 5730 ዓመት የእኩሌታው እኩሌታ እየሆነ ይጐድላል። አንድ ሺሕ ዓመት የሆነው ከሰል ከመቶው 88 ያህሉን ገና ይዟል። ይህን አስተውሎ ቀመር ያደረገው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሜሪካዊው ሊቅ ዊላርድ ሊቢ ሲሆን፣ ዘመናቸው አስቀድሞ በታወቀ ነገሮች ፈትኖ ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 አሳተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1960ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ከፈተናዎቹ አንዱ ከግብጹ ንጉሥ ከዞሰር መቃብር የወጣ የግራር እንጨት ነበር።

ግራር ካልን ዘንድ በእንጨት ነገር ጥቂት መቈየት ይገባል፤ የዚህ ጥበብ ትልቁ መሰናክል ያለው እዚያ ነውና። ሾንኬ በተራራ ላይ ተጠጋግተው የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች ያሏት የአርጎባ መንደር ናት፤ ትውፊቱም ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ይሰጣታል። አንድ ተመራማሪ ይህን ትውፊት ሊመዝን ፈልጎ ከአንዱ ቤት ጣራ ተሸካሚ እንጨት ቢቈርጥ ምን ይመዝናል? የዛፍ ልብ ዛፉ ገና ቆሞ ሳለ ከአየሩ ጋር ያለውን ግብይት አቋርጦ እንደ ሞተ ስለሚቈጠር፣ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ወይራ ወይም ጥድ ቢሆን መሐከሉ ከተቈረጠበት ቀን በሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ ይናገራል። ደግሞም ደኅና ምሰሶ በአገራችን አይጣልም፤ ከፈረሰው ቤት ወደ አዲሱ ይሸጋገራል። እንግዲህ እንጨቱ ሐሰት ሳይናገር ቤቱን ያስረጀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ብልህ ቈፋሪ ጣራውን ትቶ ወደ ወለሉ ያያል፤ ከመጀመሪያው ምድጃ አመድ ውስጥ አንዲት ያረረች የማሽላ ቅንጣት ቢያገኝ ከምሰሶው ሁሉ አብልጦ ይወዳታል፤ በአንድ ክረምት በቅላ በአንድ መኸር የታጨደች ናትና። ቅንጣቲቱን በእጁ አይነካም፤ በወረንጦ አንሥቶ፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደ ወጣች ጽፎ፣ በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቀልላታል። በላቦራቶሪው ኋላ የገባባት ሥር ይለቀማል፣ የአፈር እድፍም በአሲድና በአልካሊ ይታጠባል፤ ከዚያ ተቃጥላ ጋዝ፣ ጋዙም ግራፋይት ሆኖ በመቍጠሪያ መሣሪያ ውስጥ የካርቦን 14 አተሞቹ ይቈጠራሉ። በሊቢ ጊዜ ብዙ ግራም ከሰል ያስፈልግ የነበረው፣ ዛሬ በጥቂት ሚሊግራም ይሆናል።

ይህ ቀመር በአገራችን ምን እንዳስገኘ ደግሞ እንይ። በመንዝ ደጋ ተተር ጉር በሚባለው ጉብታ ውስጥ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ሬሳ በማኅበር የተቀበረበትን ክፍልና እጅግ ብዙ የብርጭቆ ዶቃ አግኝተዋል። ሥርዓቱ የክርስቲያንም የእስላምም አይደለም፤ የሻይ ባህል ተብሎ የተጠራው ይህ ሕዝብ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት እንደ ኖረ ሲታወቅ፣ ዜና መዋዕሉ ሁለት ሃይማኖት ብቻ ያሳየን በነበረበት ዘመን ሦስተኛ ጎረቤት ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የተነገረለት ግን በዐድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ነው። የገዳሙ ትውፊት ጻድቁ አባ ገሪማ በአንድ ቀን እንደ ጻፉት፣ ፀሐይም እስኪፈጽሙ እንደ ቆመችላቸው ሲተርክ፣ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ከሥዕሉ አኳኋን ተነሥተው ወደ 11ኛው መቶ ዓመት ያወርዱት ነበር። ከብራናው የተወሰደው ቁራጭ በኦክስፎርድ ሲመረመር፣ አንዱ ጥራዝ ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ዘመን ውስጥ ወደቀ። የተመዘነው ፍየሊቱ የታረደችበት ዘመን እንጂ ብርዕ ብራናውን የነካበት ቀን አይደለም፤ ሆኖም ብራና ፍቆ ለብዙ መቶ ዓመት ሳይጽፉበት ማኖር የጸሐፍት ልማድ ስላልሆነ፣ ትውፊቱ ከሊቃውንቱ ግምት ይልቅ ለእውነት ቀርቦ ተገኝቷል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

እነዚህ ወሰኖች ከየት መጡ ቢሉ፣ በየዘመኑ በአየር የሚገኘው የካርቦን 14 መጠን እኩል ስላልነበረ፣ የላቦራቶሪው ቍጥር በዛፍ ዓመታዊ ቀለበት ከተሠራው መዝገብ ጋር ተስተካክሎ፣ ከዚህ እስከዚህ በሚል ወሰን ይነገራል። ላቦራቶሪው «ከዛሬ በፊት» ሲልም «ዛሬ» የሚለው 1950 ነው፤ በእኛ 1942 ዓ.ም. ማለት ነው። ወሰኑን ጥሎ አንዲት ዓመት ብቻ የሚጠራ ጸሓፊ ላቦራቶሪው ያላለውን ያወራል።

ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ ለሚወርድ ሰው ግን ይህ ቀመር ብዙ አያስኬደውም፤ ከ50,000 ዓመት ወዲያ የሚቈጠር ካርቦን 14 አይተርፍምና። በዚያው አቅጣጫ በሐዳር በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተሰጣት፣ በዙሪያዋ ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ተለክቶ ነው።