ሙቀት፣ ጾምና ቁጣ

ባለፈው ረመዷን፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አንድ ደረሳዬ ሱራውን ሦስት ጊዜ ሲስትብኝ ጮኽኩበት። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም አፈርኩ። ማታ ሳስበው ቀኑን ሙሉ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠን ነው የዋልነው፤ ሌሊቱንም በወጉ አልተኛሁም ነበር።

እኛ የእንጅባራ ሰዎች ሙቀት ሲወራ የቆላ ጉዳይ ይመስለናል። ወደ ዳንግላ ወረድ ስንል ላብ ሲያጠምቀን ዘመዶቻችን ይስቁብናል። ነገር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች 60 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ የለኩት አንድ አካባቢ ከራሱ ልማድ ምን ያህል እንደራቀ ነው። አንድ መደበኛ ልዩነት በሚሉት መጠን አየሩ ሲሞቅ ወይም ዝናቡ ከልኩ ሲወጣ፣ በግለሰቦች መካከል የሚፈጸም ጥቃት 4 በመቶ፣ የቡድን ግጭት ደግሞ 14 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ደጋ መኖር ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

ሃይማኖታችንም የሙቀትን ጫና አይክድም። ረመዷን የሚለው ስም ራሱ በዐረብኛ ከምድር መጋል ጋር የተያያዘ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙቀት ሲበረታ ዙህርን በረድ እስኪል ማቆየትን አዘዋል፤ ጾመው ሳሉ በራሳቸው ላይ ውኃ ማፍሰሳቸውም በሐዲስ ተዘግቧል። የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም እንዲል አስተምረዋል። ይህን ስል ሚስቱን የመታ ሰው ፀሐይዋን ይክሰስ ማለቴ አይደለም፤ በደሉ የራሱ ነው።

በየቤታችን ክፉዋ ሰዓት ከመግሪብ በፊት ያለችው ናት። አባት ከገበያ ደክሞ ይገባል፤ ሾርባው ለምን ዘገየ ይላል። እናት ግን እሷም ጾመኛ ሆና፣ ከቤቱ ሁሉ በጋለው ቦታ፣ ከጭሱና ከሳምቡሳው ዘይት ፊት ቆማለች። አባትና ወንዶች ልጆች ውኃውን ቢቀዱ፣ ተምሩን ቢያቀርቡ ምን ይጎድልባቸዋል?

ሌላው ዝምተኛው ጭንቀት ነው። ዝናቡ ሲዘገይ ድንች የሚተክለው ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ገበሬው ሲከፋው የነጋዴውም ሱቅ ይቀዘቅዛል። ቤተሰቡ ኩርፊያ ይለዋል። ለሳምንታት ካልተኛ፣ ለኢፍጣር ቀርቦ ካልበላ፣ ከሰው ከሸሸ ዱዓ አድርጉለት፤ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። ሐኪም ማየት ከተወኩል አያወጣም።

እኔ ደረሳዬን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ቂርአቱንም ከፈጅር በኋላ፣ ቆርቆሮው ሳይግል አደረግነው። ያችን ሱራ በሦስተኛው ቀን ጨረሳት።