ከኃይል ቱቦው በፊት፦ በእጅ ለሚሠራ የቱቦ ማጉያ የድራይቨር ደረጃ አመራረጥ

(ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን በቃል ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። በገዛ እጃችን የቫኪዩም ቱቦ የድምፅ ማጉያ ስንሠራ፣ ከኃይል ቱቦው በፊት የሚቆመውን የድራይቨር ደረጃ በምን መለኪያ እንምረጥ? ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን በኃይል ቱቦውና በመውጫ ትራንስፎርመሩ ላይ ያውልና መካከሉን ዝናውን በሰማው ቱቦ ይሞላዋል። ድምፁ ሲሻክርበት ጥፋቱን በኃይል ቱቦው ያሳብባል፤ ሌላ ውድ ቱቦም ይገዛል። ሻካራው ድምፅ ግን አይለቀውም። ስለዚህ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ድራይቨር የሚመረጠው ከኋላ ወደ ፊት ነው። በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባል ድራይቨር የለም፤ የሚፈርድበት ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቱቦ ነው።

ከደጃችን አንድ ምሳሌ ልዋስ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚሁ አጠገባችን በጋፋት ተሠራ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዝ ግን መንገድ ማበጀትና በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ማሰለፍ ግድ ሆነ። የመድፉ ግዝፈት የጎታቹን ብዛት ወሰነ። በማጉያም ውስጥ የኃይል ቱቦው ክብደት የድራይቨሩን ጉልበት ይወስናል።

ይህ «ክብደት» ምንድን ነው? የኃይል ቱቦ ግሪድ ከካቶዱ አንጻር ኔጋቲቭ እስከ ሆነ ድረስ ቀጥተኛ ከረንት አይወስድም ማለት ይቻላል። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች «ግሪድ የሚሻው ቮልቴጅ ብቻ ነው» ይላሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ድራይቨሩ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል፤ የራሱን የፕሌት ሬዚስተር፣ የሚቀጥለውን ቱቦ የግሪድ ሬዚስተርና የዚያኑ ቱቦ የመግቢያ ካፓሲታንስ። በትራዮድ ላይ የመጨረሻው በሚለር ውጤት ይባዛል፤ በግሪድና በፕሌት መካከል ያለው ካፓሲታንስ ቱቦው በሚያጎላው መጠን ገዝፎ ይታያል። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። ስንት ቮልት ይፈለጋል? ያን ቮልት በሸክሙ ላይ ለማወዛወዝ ስንት ሚሊአምፔር ያስፈልጋል? ከምንጩ እስከ ግሪዱስ ስንት እጥፍ ማጉላት ይቀረናል?

ሁለት የኃይል ቱቦዎችን እናነጻጽር።

የመጀመሪያው ኢኤል84 ነው። በ250 ቮልት ሲሠራ ባያሱ ከ7 ቮልት ብዙም አይበልጥም፤ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ጫፉ 7 ቮልት ያህል የሆነ ሲግናል ይበቃዋል። በስፋት የሚታወቀው 12ኤኤክስ7 በ100 ኪሎኦም የፕሌት ሬዚስተር 50 እጥፍ ያህል ያጎላል። ስለዚህ ከምንጩ የሚፈለገው 0.15 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። በዕረፍት ጊዜ 1 ሚሊአምፔር ያህል በቱቦው ያልፋል፤ ለዚህ ሥራ የሚጠየቀው ውዝዋዜ ከዚያ ዐሥር እጅ አንዱ ነው። ድራይቨሩ ሳይጨነቅ ይሠራል፤ ተራፊው ማጉላትም ለኔጋቲቭ ፊድባክ ይተርፋል።

ሁለተኛው 300ቢ ነው። ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ይህ ትራዮድ የማጉያ ቁጥሩ 3.85 ብቻ ነው። በ350 ቮልትና በ60 ሚሊአምፔር ሲሠራ ባያሱ ወደ 74 ቮልት ይደርሳል፤ ድራይቨሩም ጫፉ 74 ቮልት የሆነ ሲግናል ማቅረብ አለበት። የሚለር ውጤትና ሽቦው ተደምረው የመግቢያ ካፓሲታንሱ 80 ፒኮፋራድ ገደማ ይሆናል።

ያንኑ 12ኤኤክስ7 እዚህ እናስገባው። የ100 ኪሎኦም ፕሌት ሬዚስተርና የ220 ኪሎኦም ግሪድ ሬዚስተር በትይዩ ወደ 69 ኪሎኦም ይሆናሉ፤ 74 ቮልት ለማወዛወዝ ለእነርሱ ብቻ 1.08 ሚሊአምፔር ያስፈልጋል። ካፓሲታንሱ በ20 ኪሎኸርዝ 0.74 ሚሊአምፔር ይጨምራል። ሁለቱ በ90 ዲግሪ የተለያዩ ስለ ሆኑ ድምራቸው 1.3 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ቱቦው በዕረፍት የያዘው ግን 1 ሚሊአምፔር ነው፤ የሌለውን ከረንት ሊቀንስ አይችልም። የሲግናሉ አንዱ ጎን ይቆረጣል፤ ሰሚውም «300ቢ ሻካራ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

አሁን 6ኤስኤን7ን እንሞክር። የማጉያ ቁጥሩ 20 ብቻ ነው። በ350 ቮልት ምንጭ፣ በ33 ኪሎኦም ፕሌት ሬዚስተር፣ በ1.2 ኪሎኦም የካቶድ ሬዚስተርና ከእርሱ ጋር በትይዩ በተያያዘ ካፓሲተር 5 ሚሊአምፔር ያህል ይዞ ይቀመጣል። ለሥራው የሚፈለገው ውዝዋዜ 2.7 ሚሊአምፔር ነው፤ ግማሽ ያህሉ መጠባበቂያ ሆኖ ይቀራል። 15 እጥፍ ስለሚያጎላ ከፊቱ 5 ቮልት ይሻል፤ ይህንንም የዚያው ቱቦ ሁለተኛ ትራዮድ ያቀርባል። በማጉያ ቁጥር በአምስት እጅ የሚያንሰው ቱቦ ሥራውን የሚችለው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ካቶድ ፎሎወርን በቀጥታ ከኃይል ቱቦው ግሪድ ጋር ማያያዝም ይቻላል፤ ጉልበቱ ከፍ ያለ ነው። ሆኖም መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ቦታ ጥንቃቄ ያሻዋል። ካቶዱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከፍተኛው ቮልቴጅ ቀድሞ ከመጣ፣ በግሪዱና በካቶዱ መካከል ቱቦው የማይችለው ልዩነት ይፈጠራል። ከፊቱ ያለው ቱቦ ከረንት ካላሳለፈ የፎሎወሩ ግሪድ ሙሉውን የምንጭ ቮልቴጅ ያገኛልና። ለጀማሪ በካፓሲተር የተያያዘ ደረጃ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከፍታችንም በስሌቱ ይገባል። ከአዲስ ዘመን ወደ ጣራ ገዳም የሚወጣ ሰው የአየሩን መሳሳት በትንፋሹ ያውቀዋል። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በቱቦው ውስጥ አየር ስለሌለ የውስጥ ሥራው አይለወጥም። ውጭው ግን ይለወጣል፤ ሬዚስተሮችና ትራንስፎርመሮች በአየር የሚቀዘቅዙት በዝግታ ነው፤ አየሩም ኤሌክትሪክን የመከልከል ዐቅሙ ይቀንሳል። ዓለም አቀፍ የኢንሱሌሽን ደረጃዎች መነሻቸው 2,000 ሜትር ሲሆን፣ ለ3,000 ሜትር የአየር ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የድራይቨሩን ፕሌት ሬዚስተር ከስሌቱ በእጥፍ በሚበልጥ ዋት ምረጡ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸውን ነጥቦችም አራርቁ።

350 ቮልት ይገድላል። ማጉያው ከጠፋ በኋላም የኃይል ምንጩ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። የሚያራግፍ ሬዚስተር በቋሚነት አያይዙ፤ ከመንካታችሁ በፊት በሜትር ለኩ፤ ብቻችሁን አትሥሩ።

ተማሪዎቼ በውስን ገንዘብ ከየት እንጀምር ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ኢኤል84ና አንድ 12ኤኤክስ7 ነው። 300ቢን የመረጠ ሰው የቱቦውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚነዳውን ደረጃ፣ የተጨማሪውን ማጉላትና የኃይል ምንጩን ዋጋ አብሮ መርጧል። ብየዳ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት መልሱ፤ ወረቀትና እርሳስ ከሁሉም ቱቦ ይረክሳሉ።