ከመፍረድ ማመሳከር ይቅደም

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አዲስ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ልማድ መምህሩ ያስጻፈውን በቃል አጥንቶ በፈተና ቀን መልሶ መስጠት ነው። በቃል ማጥናት የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ምርምር የሚጀምረው «ይህን ያለው ማን ነው? በምንስ ዐወቀ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ለምሳሌ ሁላችንም የምናውቀውን የውጫሌን ውል እንመልከት። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን በዚሁ መንግሥት ለመጠቀም ይስማማሉ ይላል። ኢጣልያ ይህን እንደ ግዴታ ቈጥራ፥ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. መስከረም ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይስማሙ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ተቈረጠ። እንግዲህ ቃልን ከቃል ማመሳከር ለማርክ ብቻ የሚደከምበት ሥራ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ ውል ድርሰት እንድንጽፍ ብንታዘዝ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፥ ሁለቱንም ጽሑፎች እንፈልግ። የኢጣልያንኛውን ብቻ ያነበበ ሰው፥ ምንም ቅን ቢሆን፥ ከተሳሳተ ፍርድ ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛ፥ የዘመን አቈጣጠሩን እንለይ። አንዱ መጽሐፍ 1881፥ ሌላው 1889 ቢል የአገራችንና የአውሮፓ አቈጣጠር ልዩነት እንጂ ተቃርኖ አይደለም።

ሦስተኛ፥ የተረጋገጠውን ከተገመተው እንለይ። የጽሑፎቹ መለያየት በዓይን የሚታይ ነው፤ የተለያዩበት ምክንያት ግን ክርክር ያለበት ነው። ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ አበባ ላይ ባሳተመው ጥናት ተጠያቂነቱን በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ ላይ ሲጥል፥ ኢጣልያዊው የታሪክ ምሁር ካርሎ ጂሊዮ ተከራክሮታል። የተማሪ ሥራ ደስ ያሰኘውን ወገን መምረጥ ሳይሆን፥ እያንዳንዱ በየትኛው ሰነድ እንደሚመሰክር መመርመርና ሰነዱ የተገኘበትን ስፍራ በማስታወሻው ላይ መጻፍ ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም መምህርም ይናገረው መጽሐፍ፥ ከመፍረዳችን በፊት እናመሳክር።